ከስልክ ጥገና ወደ አጋዥ ቴክኖሎጂ ሙያ መግባት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጠጋኙ (ጥያቄ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ አለኝ። እንጀራዬ ስልክና ኮምፒውተር ጥገና ነው። አሁን ግን ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሆኑ መሣሪያዎች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ዊልቸር፣ የመስሚያ መርጃ፣ ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የርቀት እንክብካቤ የሚሉት። አንድ ሰው ቤቱ ብቻውን ሆኖ ቢወድቅ አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ እርዳታ የሚጠራበት ሥርዓት ማለቴ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከደንበኞቼ ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ትልልቅ ሰዎች፣ ዓይነ ስውራን፣ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስልኩ ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። ለእነሱ እንዲመች ተደርጎ አልተስተካከለም እንጂ። ሴቲንጉን አስተካክዬ ስሰጣቸው የሚሰማኝ ደስታ ከሌላው ሥራዬ ሁሉ ይበልጣል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። እንደ አዲስ ዩኒቨርሲቲ መግባት አለብኝ? ይህ ሙያ የጤና ነው ወይስ የኢንጂነሪንግ? በርቀት እንክብካቤ የሚሠራ ሰው ምን ሲሠራ ይውላል? ደግሞስ ይዘልቃል ወይ? ስማርት ስልክ ሁሉን ነገር ጠቅልሎ ቢወስደው ልፋቴ ከንቱ እንዳይሆን።

የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ እኔ የርቀት እንክብካቤ ጥሪ የሚቀበል ማዕከል ውስጥ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ቤት ለቤት እየዞርኩ መሣሪያ እገጥም ነበር። ስለዚህ ስለ ውሎው የጠየቅከውን እኔ ልመልስ።

ቤት ውስጥ አንድ ዋና ሣጥን ይቀመጣል። ስፒከርና ማይክሮፎን አለው። በስልክ መስመር ወይም በሲም ካርድ ይሠራል። ሰውየው አንገታቸው ወይም እጃቸው ላይ የሚያደርጉት ቁልፍ በሬዲዮ ሞገድ ከሣጥኑ ጋር ይነጋገራል። ሲጫኑት ሣጥኑ ወደ እኛ ይደውላል። እኔ ፊት ያለው ስክሪን ላይ ስማቸው፣ አድራሻቸው፣ ያለባቸው ሕመም፣ የቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ይመጣል። አናግራቸዋለሁ። ዝም ካሉም ዝም ብዬ አልዘጋም፤ ሰው እልካለሁ።

ቁልፍ መጫን ለማይችል ሰው ሴንሰሮች አሉ። መውደቅን የሚለይ አለ። ከአልጋ ተነስቶ ያልተመለሰ ሰው ሲኖር የሚያሳውቅ አለ። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሌሊት በር ከፍቶ ሲወጣ የሚናገር አለ። የጭስና የጋዝ ጠቋሚ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የሚከፈት የመድኃኒት ሣጥንም አለ። አንዱንም ግን እንደ ተአምር አትየው። መውደቅን የሚለየው መሣሪያ በድንገት የሚመጣን ፍጥነትና ግጭት ነው የሚያውቀው። ከወንበር ቀስ ብሎ ተንሸራቶ መሬት ላይ የቀረን ሰው ላያውቅ ይችላል። ይህን ለቤተሰቡ አስቀድመህ መንገር አለብህ።

ፍጥነቱ ለምን ያስጨንቃል ብትል፣ ወድቆ መነሳት ያልቻለ አረጋዊ ከአንድ ሰዓት በላይ መሬት ላይ ከቆየ ጉዳቱ ከስብራቱ ያልፋል። ውኃ ያጣል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ የተጫነው ጡንቻ መጎዳት ይጀምራል፣ ያ ደግሞ ለኩላሊት ይተርፋል።

አብዛኛው ጥሪ ግን አደጋ አይደለም። ሳይታሰብ የተነካ ቁልፍ ነው፣ ያለቀ ባትሪ ነው፣ ብቸኝነትም ነው። የሰው ድምፅ ለመስማት የደወሉ እናትን የስህተት ጥሪ ብሎ መዝግቦ ማለፍ ይቻላል። እኔ አላልፍም። ሰውየው በደህናው ቀን ካላመኑን በክፉው ቀን ቁልፉን አይጫኑትም።

አሁን ወደ አንተ ሙያ ልምጣ። ጎበዝ ቴክኒሻን የሚለየው ሲገጥም ነው። ሰነፉ ሣጥኑን ሳሎን ይሰካል፣ እዚያው አንዴ ሞክሮ ይሄዳል። ጎበዙ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ይሞክራል። ግቢው ጥግ ድረስ ሄዶ ይሞክራል። መሬት ላይ ተኝቶ ተናግሮ እኛ እንሰማው እንደሆነ ያረጋግጣል። ሰዎች ቁልፉን ገላቸውን ሲታጠቡና ሲተኙ ያወልቁታል። በብዛት የሚወድቁት ደግሞ እዚያው መታጠቢያ ቤትና አልጋ አካባቢ ነው። ውኃ እንደማያበላሸው ሻወር ውስጥ ይዞ ገብቶ ያሳያቸዋል።

ይዘልቃል ወይ ላልከው፣ አሁን ሥራው እንዲያውም በዝቷል። የድሮው የመዳብ ስልክ መስመር በየአገሩ እየተዘጋ ነው። ብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2027 ጨርሳ ልትዘጋው ቀን ቆርጣለች። የድሮው መስመር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነበር። የቤቱ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አዲሱ በኢንተርኔት የሚሄደው ግን ራውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይሞታል። አሮጌዎቹ ሣጥኖች መልእክት የሚልኩበት የድምፅ ምልክትም በኢንተርኔት መስመር ሲያልፍ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑ ይቀየራል፣ ባትሪ ይጨመራል፣ ሲም ካርድ ይገባል፣ ሁሉም እንደገና ይሞከራል። ይህን ሁሉ የሚሠራው የአንተ ዓይነት ሰው ነው።

ስማርት ሰዓቱም እውነት ነው መጥቷል። አፕል ዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መውደቅን ይለያል። ግን በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋል። የሚረሳ ሰው ሰዓት ቻርጅ ማድረግንም ይረሳል። የአንገቱ ቁልፍ ባትሪ ለዓመታት ይቆያል።

እህት ፊዚዮ፦

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው ዊልቸር ላይ ነው። ጤና ነው ወይስ ኢንጂነሪንግ ላልከው፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው የለበትም። ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚያግዝ ባለሙያ)፣ ቴክኒሻን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ አሉበት። አንተ በቴክኒሻንነት ትገባለህ። ከገባህ በኋላ ወዴት እንደምታድግ ሥራው ራሱ ያሳይሃል።

ዊልቸር እንደ ጫማ ነው፤ በልክ ካልሆነ ይጎዳል። ሰው ግን ጫማ ሲጠበው አውልቆ ይጥላል፤ ዊልቸር ላይ ያለ ሰው የት ይሄዳል? መቀመጫው ሲሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ይጋደላል፣ አከርካሪው ይጣመማል። ትክክለኛ ትራስ ከሌለው፣ በተለይ ስሜት የማይሰማው ሰው ከሆነ፣ የአልጋ ቁስል የሚባለው ቁስል ይወጣበታል። ያ ቁስል ሰው ይገድላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን 8 ደረጃ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰውየው ወደ አገልግሎቱ ይላካል፣ ፍላጎቱ ይታያል፣ የሚሆነው ይመረጣል፣ ገንዘቡ ተገኝቶ ይታዘዛል፣ ይዘጋጃል፣ በልኩ ይስተካከላል፣ አጠቃቀሙን ይማራል፣ በመጨረሻም ክትትል ይደረጋል። ተመልከት፣ ዕቃው የሚታዘዘው መሐል ላይ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለው ሥራ ከሰው ጋር ነው። እንግዳ ሰው ግን ሙያው ዕቃ ማደል ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 227 ተጠቃሚዎችን ጠይቆ፣ ከመሣሪያዎቻቸው 29.3 በመቶው ተጥሎ እንደቀረ አግኝቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ መሣሪያው ሲመረጥ የተጠቃሚው ሐሳብ አለመሰማቱ ነው። ሌላው የሰውየው ሁኔታ መለወጡ ነው። ሁለቱም በጥሩ ቴክኒሻን የሚድኑ ናቸው። ቀድሞ የሚጠይቅ፣ በኋላም ተመልሶ የሚያይ።

ዩኒቨርሲቲውን አሁን ተወው። የዓለም ጤና ድርጅት ታፕ የሚባል ነፃ የኦንላይን ሥልጠና አለው። የማየት፣ የመስማት፣ የመንቀሳቀስና ራስን የመንከባከቢያ መሣሪያዎችን ከመሠረቱ ያስተምራል። የዊልቸር ሥልጠናውም፣ መሠረታዊውና መካከለኛው፣ በነፃ የሚወርድ ነው። ከዚያ ልምድ ስታካብት በሰሜን አሜሪካ ሬስና የሚባለው ማኅበር የሚሰጠው ኤቲፒ የተባለ የሙያ ማረጋገጫ አለ። ፈተናው ብቻውን አይበቃም፤ የሥራ ልምድም ይጠይቃል።

ነጭ በትር፦

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ድረ ገጾችና አፖች ለእኛ መሥራታቸውን በመፈተሽ ነው የምተዳደረው። ይህም የዚሁ ሙያ አንድ ዘርፍ ነው፤ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው።

ለመጀመር የሚያስፈልግህ መሣሪያ እጅህ ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪን ሪደር አለ። አይፎን ላይ ቮይስኦቨር አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ። ኮምፒውተር ላይ ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይወርዳል። የጀመሩትም ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው። ቶክባክን አብራ፣ ስክሪኑን አጥፋ፣ ከዚያ መልእክት ጻፍ፣ ስልክ ደውል፣ አንድ ፎርም ሙላ። እጅህ እስኪለምደው ደጋግመው። የመጣልህ ደንበኛ ሲጠይቅህ ማንበብ ሳያስፈልግህ ታሳየዋለህ። ይህን አድርገህ ግን ዓይነ ስውርነት ምን እንደሆነ ገባኝ እንዳትል። የገባህ አፑ ነው።

ደብሊውሲኤጂ የሚባለውን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛም አንብብ። አሁን ያለው 2.2 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ለምሳሌ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይኑረው ይላል። ይህ ዓይናቸው እየደከመ ለመጣ አረጋውያንም የሚጠቅም ነው።

አንድ ነገር በአክብሮት ልጨምር። አብሮኝ የመጣውን ሰው አታናግር። «ምን ይፈልጋል?» ብለህ ወንድሜን ስትጠይቅ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እኔን ጠይቀኝ። መስማት የተሳነው ሰው ሲመጣም አስተርጓሚውን ሳይሆን እሱን እያየህ አናግር።

የእናቱ ልጅ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ እናቴን የምጦር ልጅ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ካሜራ ቤቷ ውስጥ ማስገጠም እፈልጋለሁ፤ እሷ አልፈልግም አለች። እንደናንተ ያለ ሰው ቤቴ ቢመጣ ማንን ነው የሚሰማው?

የሌሊት ተረኛ፦

እሳቸውን። ማገናዘብ የሚችሉ ሰው አልፈልግም ካሉ አልፈልግም ነው። ቤቱ የእሳቸው ነው። ግን ወሬው እዚያ አያልቅም። አንተን የሚያሳስብህ ምንድን ነው? ሌሊት ወድቀው መቅረታቸው ከሆነ የአልጋ ሴንሰር ያለ ምስል ይነግርሃል። ጠዋት መነሳታቸውን ማወቅ ከሆነ የበር ወይም የእንቅስቃሴ ሴንሰር ይበቃል። ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየው ቁጭ ብለህ ንገራቸው። እምቢ ያሉት እንክብካቤውን ሳይሆን መታየቱን ሊሆን ይችላል። የመርሳት ሕመም ገብቶ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ያኔም ቢሆን የሚገባቸውን ያህል ይነገራቸዋል፣ ውሳኔው ከሐኪምና ከቤተሰብ ጋር ይሆናል፣ በጣም ቀላሉና ብዙ የማይገባባቸው መሣሪያ ይመረጣል።

ጠጋኙ፣ ይህንን አንተም ያዘው። ጥያቄው በየቤቱ ይገጥምሃል።

ጠጋኙ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ታፕን ዛሬ ተመዝግቤ እጀምራለሁ። ቶክባክንም እለማመዳለሁ። አሁን የቀረኝ ሥራ ማግኘቱ ነው። ቀጣሪ ዘንድ ምን ይዤ ልቅረብ? ኮዲንግስ ልማር?

ነጭ በትር፦

ኮዲንግ ብትማር ጥሩ ነው። ቀጣሪ በር ላይ የሚያቆምህ ግን እሱ አይመስለኝም። የሠራኸውን ጽፈህ ያዝ። ደንበኛው ምን ማድረግ ተቸገረ፣ ምን ሞከራችሁ፣ ምን አልሠራም፣ በመጨረሻ ምን ሆነ። ስም ሳትጠቅስ፣ አስፈቅደህ። ሰርተፍኬት ብቻ ይዞ ከሚመጣ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወሻ ያለውን እኔ እመርጣለሁ። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትንም አንኳኳ። የትኛው መሣሪያ የት እንደሚሰበር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እህት ፊዚዮ፦

እኔ በኮዲንጉ ትንሽ እለያለሁ። ማይክሮኮንትሮለር (መሣሪያን የሚቆጣጠር ትንሽ ቺፕ) ፕሮግራም ማድረግ የሚያህል ቢያውቅ ጥሩ ነው። ጣቱን ብቻ ማንቀሳቀስ የሚችል ልጅ አንድ ትልቅ ቁልፍ ተጭኖ ኮምፒውተር እንዲያዝዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ገበያ ላይ ያለው ላይሆነው ይችላል፤ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል።

ለአንተ ግን ቅርቡ በር የኤሌክትሪክ ዊልቸር ጥገና ይመስለኛል። ሞተር፣ ጆይስቲክ፣ ኮንትሮለር፣ ባትሪ፣ ሁሉም የምታውቀው ዓለም ነው። የሚጠግን ሰው ደግሞ በየቦታው ያጥራል። ዊልቸሩ ተበላሽቶ ሱቅ በዋለ ቁጥር ሰውየው አልጋ ላይ ይውላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትሰጥ ይህን አስብ፤ ተለዋጭ የሚሰጥ ቦታ ካለም ጠይቅለት። መቀመጫውንና መደገፊያውን ግን ያለ ቴራፒስት አትንካ። ወደ ጎን የገባች ትንሽ ስፖንጅ አላስፈላጊ ልትመስልህ ትችላለች፤ ወገቡን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ጠጋኙ፦

ባትሪውስ? እንደ ሞተር ሳይክል ነው?

እህት ፊዚዮ፦

አይደለም። የሞተር ሳይክል ባትሪ ለማስነሻ ነው፤ ይሄ ቀስ እያለ ብዙ ሰዓት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። አብዛኞቹ ላይ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ሲደክም ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር። አሮጌና አዲስ ካጣመርክ አሮጌው አዲሱን ይጎዳዋል። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ አታገናኝ፤ ሰው የተቀመጠበት ነው። ስትጨርስም ሞተሩ ከጎማው ጋር መያያዙን፣ የፍሬን መልቀቂያው መመለሱን አረጋግጠህ፣ ሰውየው ራሱ ተቀምጦ ቁልቁለት ላይ ሲሞክረው አጠገቡ ቆመህ እይ።