ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ስታንዳርድ ዲፕሎማ ወይስ አድቫንስድ?

የማሂ እናት፦
ሰላም ወገኖች፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነን፣ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ገብታለች ካውንስለሯ (የትምህርት ቤት አማካሪዋ) ወረቀት ልካልኝ ስታንዳርድ ወይም አድቫንስድ ስተዲስ ዲፕሎማ ይላል፣ ሁለቱም ያው 12ኛ መጨረስ አይደለም እንዴ? ማታ ማታ ሥራ ነኝ ስብሰባው አመለጠኝ። እሷ ነርሲንግ ነው የምትለው።

ጋሽ ታዴ፦
ያው አይደለም እህቴ። ስታንዳርዱ 22 ክሬዲት ነው አድቫንስዱ 26 (አንድ ክሬዲት ማለት ያለፈችው የአንድ ዓመት ትምህርት ነው)፣ አድቫንስዱ ሒሳብ ሳይንስና ታሪክ አራት አራት ይፈልጋል፣ ያኛው ሦስት ሦስት ነው። ኤስኦኤል የሚሉት የስቴቱ ፈተናም አለ። ነርሲንግ ካሰበች አድቫንስዱን ያዙ፣ ኬሚስትሪ እንዳትዘል።

ሳሮን፦
ቋንቋውን እንዳትረሺ! አድቫንስዱ የአንድ ቋንቋ 3 ዓመት ወይ የሁለት ቋንቋ ሁለት ሁለት ዓመት ይላል፣ ካውንቲው ደግሞ ካለፈች የቋንቋ ክሬዲት የሚያሰጣት ፈተና አለው አማርኛም አለበት። ግን መጻፍ ይፈልጋል፣ ቤት ውስጥ «ነይ ብዪ» እየተባሉ ማደግ ብቻ አያሳልፍም።

የማሂ እናት፦
ኧረ ተባረኪ! መናገሩን ታንበለብለዋለች፣ ፊደሉ ግን ከ«መ» አላለፈም 😂

ጋሽ ታዴ፦
በይ ክረምቱን አስቀምጠሽ ፊደል አስጠኛት። ደሞ አንዳንዱ ሃይስኩል የነርስ ረዳትነት ያስተምራል፣ ከአድቫንስዱ ጋር አብሮ ይሄዳል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ሥራውን ቀድማ ብታየው ጥሩ ነው፣ ደም አይታ የምትሮጥ ከሆነም ያኔ ይታወቃል።

ሳሮን፦
ካውንስለሯን ኢሜይል አድርጊላት፣ አስተርጓሚ ብትጠይቂ ያቀርቡልሻል፣ በነፃ ነው።