የኦፕን ሶርስ ላይብረሪያችንን ስም መቀየር ግድ ሆኖብናል፤ ከየት እንጀምር?

ቀን_ቆጣሪ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚመልስ፣ በዓላትና አጽዋማትንም የሚያወጣ አነስተኛ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) አለን። ኮዱ ጊትሃብ ላይ ነው። ፓኬጁ ለጃቫስክሪፕት ኤንፒኤም፣ ለፓይተን ደግሞ ፓይፒአይ ከሚባሉት የፓኬጅ ማከማቻዎች ይወርዳል። በዚሁ ስም የአንድሮይድ መተግበሪያም ፕሌይ ስቶር ላይ አለ። ፈቃዱ አፓቼ 2.0 ነው።

ሰሞኑን አንድ ድርጅት «ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክታችን ስለሆነ በ30 ቀን ውስጥ አንሱት» የሚል ደብዳቤ ላከልን። ለመከራከር አቅሙም ፍላጎቱም የለንም፤ እንቀይራለን። እስካሁን የተነሱት እጩዎች ጳጉሜ፣ ዘመን፣ ቀመርና ባሕረ ሐሳብ ናቸው።

የምንፈልገው ምክር፦ ከእነዚህ የቱ ያዋጣል? ደግመን እንዳንቀይር ምን ምን ማጣራት አለብን? በድሮው ስም የሚያወርዱትስ ፕሮግራማቸው ሳይሰበር እንዴት እናሻግራቸው?

ነጭ_ተርሚናል፦

ስም ከመምረጣችሁ በፊት ደብዳቤውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የምዝገባ ቁጥር ጠቅሷል? የተመዘገበው በየት አገር ነው? በየትኛው ምድብ? የንግድ ምልክት በኒስ ምደባ በ45 ምድቦች ይከፈላል፤ የሚወርድ ሶፍትዌር 9ኛው ውስጥ ነው፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የሶፍትዌር አገልግሎት 42ኛው ውስጥ። ድርጅቱ ያስመዘገበው በልብስ ወይም በምግብ ምድብ ብቻ ከሆነ የመደራደር አቅማችሁ ሌላ ነው። ብትቀይሩም እንኳ ይህን ማወቁ ጊዜ ለመጠየቅ ይረዳል።

መልሳችሁ አጭር ይሁን፦ ጥፋት ሳታምኑ ስሙን ለመቀየር ፈቃደኛ መሆናችሁን ግለጹ፤ በምላሹ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ በድሮው ስም ያለው ፓኬጅ ወደ አዲሱ የሚመራ ባዶ ቅርፊት ሆኖ እንዲቆይ። ሁለተኛ፣ የአንድሮይዱ አፕሊኬሽን መለያ እንዳይነካ፤ ምክንያቱን ከታች ያለ ሰው ያስረዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። 30 ቀን አርማውንና ርዕሱን ለማንሳት ይበቃል፤ በሰው ኮድ ውስጥ የገባውን ስም ለማውጣት ግን አይበቃም። ጉዳዩን ጊትሃብ ላይ ኢሹ (የውይይት ገጽ) ከፍታችሁ በአደባባይ አትከራከሩበት። ከመላካችሁ በፊት ጠበቃ ቢያየው ደግሞ ገንዘቡ አይቆጭም።

ፈቃዱ ያድነናል ብላችሁም አትጠብቁ። አፓቼ 2.0 በ6ኛው አንቀጹ የንግድ ምልክት የመጠቀም መብት እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። ኮድና ስም ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው። የኔትወርክ መመርመሪያው ዋየርሻርክ የዛሬ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው፤ ድሮ ኢተሪያል ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራቹ መሥሪያ ቤት ሲቀይር ኮዱን ይዞ መቀጠል ቻለ፣ የስሙ ምልክት ግን ከቀድሞ አሠሪው ጋር ቀረ።

ደግማችሁ ላለመቀየር ከፈለጋችሁ ፋየርፎክስን አስቡ። መጀመሪያ ፊኒክስ ነበር፤ በንግድ ምልክት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2003 ፋየርበርድ ተባለ፤ ያ ደግሞ የሌላ ኦፕን ሶርስ ዳታቤዝ ስም ሆኖ ተቃውሞ አስነሳና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ፋየርፎክስ ሆነ። ሁለተኛው ግጭት የመጣው ከጎረቤት ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ ፍለጋችሁ መዝገብ ቤት ላይ አይቁም።

እኔ የምፈልግበት ቅደም ተከተል፦ በመጀመሪያ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ማለትም የዋይፖ፣ የብራንድ ዳታቤዝ። በነጻ ነው፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውንም ፈልጉ፣ ክርክር የሚነሳው በአጻጻፍ ብቻ አይደለምና። ቀጥሎ ተጠቃሚ ያላችሁባቸው አገሮች መዝገቦች። አገር ቤት ጉዳዩ የሚታየው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ ይታደሳል። ከዚያ ጊትሃብ፣ ኤንፒኤም፣ ፓይፒአይ፣ ፕሌይ ስቶር፣ የድረ ገጽ አድራሻ። በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚረሳው የሊኑክስ ማከማቻ ነው። በተርሚናል የሚጠራ ትእዛዝ ካላችሁ ዴቢያን ላይ ፈልጉት። ባት የተባለው መሣሪያ ስሙ ቀድሞ ተይዞ ስለነበር ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ባትካት ተብሎ ነው የሚጠራው። ዶክመንቴሽኑ አንድ ትእዛዝ፣ ማሽኑ ሌላ ይላል።

ፊደል_ገበታ፦

ስለ እጩዎቹ። አማርኛ ስም ለፓኬጅ ስትመርጡ ትልቁ ፈተና ሰምቶ በላቲን የሚጽፈው ሰው ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የላቲን አቻ ስለሌላቸው ሁሉም በየራሱ ይጽፋቸዋል። ሳድስ ደግሞ በቃል መሀል ሲገባ ይብሳል፦ ብርሃንን አንዱ በአይ፣ አንዱ በኢ፣ ሌላው ያለ አናባቢ ይጽፈዋል። የጠበቀ ፊደል ካለ አንዱ ይደግመዋል፣ ሌላው አይደግመውም። የተሳሳተ አጻጻፍ ላይ ሌላ ሰው ተንኮለኛ ፓኬጅ ቢያስቀምጥ ተጠቃሚያችሁ በገዛ እጁ ያወርደዋል፤ ነገሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በዚህ ሚዛን ጳጉሜ ወደቀ። በራሳችን ፊደል እንኳ ጳጉሜ፣ ጳጉሜን፣ ጳግሜ እየተባለ ይጻፋል፤ በላቲን ሲሆን ቁጥሩን አትጠይቁኝ።

ቀመር ለሥራው ይመጥናል፤ ግን በኪው ወይስ በኬ? በኬ ከሆነ ቱርክ ውስጥ አንታልያ አጠገብ ያለችው የመዝናኛ ከተማ ኬመር ፍለጋውን ሙሉ በሙሉ ትወስድባችኋለች። አንድ ሰው ስህተት ገጥሞት ስማችሁንና የስህተቱን መልእክት ሲፈልግ የሆቴል ዋጋ ነው የሚመጣለት።

ዘመን በላቲን ይጻፋል፣ ይነበባል፤ ነገር ግን የተጨናነቀ ሰፈር ነው። ዘመን ባንክ አለ። ባንክ ሌላ ምድብ ነው እንዳትሉ፣ ዛሬ ባንክ ሁሉ የሞባይል መተግበሪያ አለው፤ መተግበሪያ ደግሞ 9ኛው ምድብ ነው። ከአንድ ደብዳቤ ሸሽታችሁ ሌላ አትጥሩ።

ባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚሰሉበት የሙያው ስም ነው። የሙያን ስም ለብቻ መያዝ ይከብዳል፤ በምልክትነትም ደካማ ነው፤ በቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ላይ ማንም ቢጽፈው ሊከለከል አይገባም። በዚያ ላይ ሁለት ቃል ነው። ሰረዝ ይግባ ወይስ አይግባ? ፓይፒአይ ሰረዝን፣ የታች ሰረዝንና ነጥብን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ ያለ ምንም ምልክት የተገጠመውን ግን ሌላ ስም ነው ይለዋል። ኤንፒኤም በበኩሉ በምልክት ብቻ ከነባር ፓኬጅ የሚለይ አዲስ ስም አይቀበልም።

ከዚያው ከባሕረ ሐሳብ መዝገብ ውስጥ ብትቆዩ ግን እወዳለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ ከላይ ባልኩት ምክንያት አይሆኑም። ሐመር ደቡብ ኦሞ የሚኖረው ሕዝብ ስም ነው፤ ተዉት። ወንበር ይታሰብበት፦ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው አንድ ሲነሳ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ አበቅቴውም መጥቅዑም ከእሱ ይወጣሉ። ለኮዳችሁ ከዚህ የቀረበ ስም የለም። ጉድለቱ ከበ በፊት ያለችው ን ስትነገር ወደ ም መሳቧ ነው፤ ሰሚው በኤም ይጽፈዋል። ሌላው ሰሙን ነው፤ አጭር፣ ለላቲን የማያስቸግሩ ፊደሎች ብቻ ያሉት። ሁለቱንም ነጭ_ተርሚናል ባለው መንገድ ሳታጣሩ አትያዟቸው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ስሙን ለማያውቁት አምስት ሰዎች በስልክ ንገሩና በላቲን ጽፈው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። አራቱ አንድ ዓይነት ካልጻፉ ስሙን ጣሉት።

ፓኬጅ_ጠባቂ፦

የማሻገሩን ሥራ እኔ ልውሰድ። ኤንፒኤምም ፓይፒአይም የፓኬጅ ስም መቀየር የሚባል ነገር የላቸውም። አዲስ ፓኬጅ ታወጣላችሁ፣ አሮጌውን ወደ አዲሱ ታስጠጋላችሁ፣ አለቀ። የሚበላሸው በዝርዝሩ ላይ ነው።

አሮጌው ቅርፊት ይሁን፤ የራሱ ኮድ አይኑረው። አዲሱን እንደ ጥገኛ ይጥራና የእሱን ነገሮች መልሶ ያቅርብ። ኮዱን በሁለት ስም ገልብጣችሁ ካወጣችሁ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱም ይገቡና የቀን ክላሱ ሁለት ይሆናል፤ ከአንዱ የተፈጠረውን ቀን ሌላኛው «የእኔ ዓይነት አይደለም» ይለዋል። ይህን ስህተት ፈልጎ ማግኘት ያሳብዳል።

ቅርፊቱን በምን ቁጥር ታወጡታላችሁ? አሁን 1.4 ላይ ከሆናችሁ 1.5.0 በሉት። 2.0.0 ካላችሁት በ1 ቁጥር ላይ የተወሰኑት፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ ፈጽሞ አይደርሳቸውም። ከዚያ ኤንፒኤም ላይ ዲፕሪኬት አድርጉት፣ ማለትም «ከእንግዲህ አትጠቀሙበት» የሚል ምልክት አኑሩበት፤ መልእክቱ አዲሱን ስምና የመሸጋገሪያ ገጹን ሊንክ ብቻ ይያዝ።

ፓይተን ላይ ማስጠንቀቂያውን ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግ አታድርጉት። በቀጥታ ከሚሄደው ስክሪፕት ካልተነሳ በቀር ፓይተን ዝም ያሰኘዋል፤ ማንም ሳያየው ዓመት ያልፋል። ፊውቸር ዋርኒንግ ይታያል። ሌላው ወጥመድ የማውጫው ስም ነው። አዲሱ ፓኬጅ ውስጥ በድሮው ስም የሚጠራ ማውጫ አታስገቡ። የፓይተን ፓኬጅ ጫኙ ፒፕ ሁለት ፓኬጆች አንድ ፋይል ላይ ሲጽፉ አያስቆማቸውም፤ ተጠቃሚው አሮጌውን ሲያራግፍ የአዲሱንም ፋይል አብሮ ይጠርገዋል። የድሮው ማውጫ በቅርፊቱ ውስጥ ብቻ ይቅር።

ሪፖው (የኮዱ ማኅደር) በአዲስ ስም ሲሰየም ጊትሃብ የድሮውን ሊንክም ክሎኑንም ወደ አዲሱ ይመራል። ሦስት ነገር ግን አይመራም ወይም ይጠፋል፦ የጊትሃብ ፔጅስ ድረ ገጻችሁ፤ ሪፖው የጊትሃብ አክሽን (ሌሎች በራስ-ሰር ሥራዎቻቸው ውስጥ የሚጠሩት) ከሆነ እሱን የሚጠሩ ሥራዎች፤ ሦስተኛው በእናንተው እጅ የሚጠፋው ነው፣ በድሮው ስም አዲስ ሪፖ ከፈጠራችሁ መምሪያው ወዲያው ይሰረዛል። የድርጅት አካውንቱንም ስም ከቀየራችሁ የድሮው ስም ለማንም ክፍት ይሆናል። አንድ ሌላ ሰው ይዞት በዚያው ስም ሪፖ ከከፈተ የእናንተን ኮድ የሚፈልግ ሁሉ የእሱን ያወርዳል። ስለዚህ የተለቀቀውን ስም ወዲያው በባዶ አካውንት ያዙት።

አንድሮይድ ላይ የሚታየውን ርዕስ ብቻ ቀይሩ፤ ፕሌይ ስቶር እስከ 30 ፊደል ይፈቅዳል። አፕሊኬሽን መለያውን ከነካችሁት ለስቶሩ አዲስ መተግበሪያ ነው፤ ያሉት ተጠቃሚዎች ዝማኔ አይደርሳቸውም፣ ግምገማውም ከዜሮ ይጀምራል። ነጭ_ተርሚናል በደብዳቤው ይጠየቅ ያለው ለዚህ ነው።

ቀን_ቆጣሪ፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ይቀረናል። የማዋቀሪያ ፋይላችን ቅጥያና የኢንቫይሮንመንት ቫርያብሎቹ (ፕሮግራሙ ከማሽኑ የሚያነባቸው ቅንብሮች) የድሮውን ስም ይዘዋል፤ አብረው ይቀየሩ? ከቡድናችን አንዱ ደግሞ «አሮጌውን ፓኬጅ ሰርዘን እንገላገል፣ ድርጅቱም ይደሰታል» ይላል። ስሙን በድምፅ ለማስመረጥም አስበናል።

ፓኬጅ_ጠባቂ፦

ሰርዞ መገላገል የለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ኤንፒኤም ላይ በስም ጭቅጭቅ የተናደደ አንድ ጸሐፊ ፓኬጆቹን ሁሉ አወረደ፤ ከመካከላቸው 11 መስመር ብቻ የነበረው ሌፍትፓድ ሲጠፋ በእሱ ላይ የቆሙ ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። ከዚያ ወዲህ ኤንፒኤም ከ72 ሰዓት በኋላ ማውረድን አጥብቋል። ፓይፒአይ ላይ ደግሞ ፕሮጀክቱን ብትሰርዙ ስሙን ሌላ ሰው ሊይዘው ይችላል። ቅርፊቱ ይቀመጥ፤ ማብራሪያውን ግን አሳጥሩት፣ የድርጅቱን ምልክት የሚመስል አርማም ካለ አንሱ።

ቅጥያውን አትንኩ። ኮድና ጽሑፍ አብሮ የሚጻፍበት አይፓይተን ኖትቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ጁፒተር ሲሆን የፋይሉ ቅጥያ እስከ ዛሬ የአይፓይተንን ምሕጻር እንደያዘ ነው፤ ማንም አልተቸገረም። ቫርያብሎቹን በሁለቱም ስም አንብቡ፣ አዲሱ ይቅደም፣ ሁለቱም ተሞልተው ከተለያዩ አስጠንቅቁ።

ነጭ_ተርሚናል፦

ቅጥያው ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ድርጅቱ በደብዳቤው ቅጥያውን ለይቶ ካነሳ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ እንደ ቫርያብሎቹ ሁለቱንም አንብቡ፣ ሲጽፍ ግን በአዲሱ ብቻ ይጻፍ።

ድምፅ መስጠቱን እደግፋለሁ፤ ጥቆማውን ግን ክፍት አታድርጉት። የማይያዝ ስም ያሸንፍና እንደገና ትጣላላችሁ። ኮድ በራስ-ሰር የሚገነባው ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ሃድሰን ከሚባለው ፕሮጀክት ሲለይ ለማኅበረሰቡ የቀረበው አንድ የተዘጋጀ ስም ነበር፤ 214 ደግፈው 14 ተቃወሙ። እናንተም ተጣርቶ ያለፈውን አንድ ወይም ሁለት ብቻ አቅርቡ። ከማቅረባችሁ በፊት ስሞቹን በሁሉም ቦታ ያዟቸው፤ ኢሹ ላይ ከተጻፈ በኋላ ማንም ቀድሟችሁ ሊይዘው ይችላል። ስትይዙም የሚሠራ ትንሽ ኮድ አስገቡበት፤ ፓይፒአይ ባዶ ስም መያዝን አይፈቅድም።

ፊደል_ገበታ፦

ወንበርን ካቀረባችሁ ዋናው አጻጻፍ በኤን ይሁን፣ በኤም የሚጻፈውንም በቅርፊት ያዙት። አጻጻፉን በሪድሚው (በማብራሪያ ፋይሉ) የመጀመሪያ መስመር ላይ በላቲንም በፊደላችንም አስቀምጡ። ስሙ ወንበር ብቻ ከሆነ ፍለጋው የቤት ዕቃ ሻጮችን ነው የሚያመጣው፤ ስለዚህ የሪፖው አጭር መግለጫ ላይ «የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር» የሚለው አይጉደል።