የባርባዶስ የዓሣ ኬክ፦ ዱቄቱ ይብዛ ወይስ ዓሣው?

የብሪጅታውኑ ተከራይ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ባርባዶስ፣ ብሪጅታውን ውስጥ ነው። አከራዬ ጠና ያሉ የአገሩ ሴት ናቸው፤ ዓርብ ማታ የዓሣ ኬክ መጥበስ ሲጀምሩ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እኔ ክፍል ይገባና ሥራ ያስፈታኛል። አሁን ልጃቸውን ለመጠየቅ ወደ ካናዳ ሄደዋል፤ እኔ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችን ግብዣ ላይ የዓሣ ኬክ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እንግዶቹ ከዚያው አገር የተወለዱ ናቸው፤ የሚቀርብላቸውን ምግብ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። በጨው የደረቀውን ዓሣ አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ዘፍዝፈው ይላል፣ ሌላው ቀቅለህ ውኃውን ድፋው ይላል፤ የቱ ይሻላል? ደግሞስ ኦይስቲንስ ወደብ ላይ ከጀልባ የወረደ ትኩስ ዓሣ ሞልቶ ሳለ፣ ከሰሜን የመጣ ደረቅ ዓሣ የምገዛው ለምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ያልተዋጠልኝ ግን የዱቄቱ መጠን ነው። ያየኋቸው አሠራሮች ሁሉ ዱቄቱን ከዓሣው እኩል ወይም አስበልጠው ነው የሚያዙት። የዓሣ ኬክ ብሎ ዱቄት ማብላት ሰውን ማታለል መሰለኝ። ዓሣውን እጥፍ አድርጌ ዱቄቱን ብቀንሰው ምን ይላችኋል?

ባሕር ላይ የኖረ

ወንድሜ፣ እኔ በመርከብ ወጥ ቤት ስሠራ ብዙ ደሴቶችን አዳርሻለሁ። ዓሣው እንዲበዛልህ ከፈለግህ የቤርሙዳን አሠራር ያዝ። እነርሱ ኮድ የሚባለውን የሰሜን ዓሣ በጨው የደረቀውን፣ ከተቀቀለና ከተፈጨ ድንች ጋር ያዋሕዱትና በእጃቸው ጠፍጠፍ አድርገው፣ ዱቄት አልሰው፣ በጥቂት ዘይት ይጠብሱታል። በስቅለት ዕለት ደግሞ መስቀል በተሠራበት ጣፋጭ ዳቦ መካከል አድርገው ይበሉታል። ማርቲኒክ ላይ አክራ የሚሉት አለ፤ ትንንሽና ድቡልቡል፣ ከምግብ በፊት ከመጠጥ ጋር የሚቀርብ። የጃማይካው ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። ሁሉም መሠረታቸው ያው ደረቅ ዓሣ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ የቤርሙዳው ይበልጥብኛል፤ ያጠግባል፣ ሲቀዘቅዝም አይደርቅም።

የሴንት ፊሊፕ ምራት

ልጄ፣ ባሕር ላይ የኖረው ወንድማችን የተናገረው እውነት ነው። ለአንተ ግን አይበጅህም። ለባርባዶስ ሰው የድንች ጥፍጥፍ አቅርበህ የዓሣ ኬክ ነው ብትለው በጨዋነት ይበላልሃል፤ ሁለተኛ ግን አያነሣም። እኔ ባለቤቴ ሴንት ፊሊፕ የሚባለው የባርባዶስ ወረዳ ልጅ ነው፤ ይህን ምግብ የተማርኩት ከአማቴ ምድጃ አጠገብ ቆሜ ነው። እርሳቸው ደግሞ ሲያስተምሩ አይናገሩም፤ ማንኪያውን ከእጅ ቀምቶ ማሳየት ነው የሚያውቁት።

ከዱቄቱ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ማታለል አይደለም። የባርባዶስ የዓሣ ኬክ በዓሣ የተቀመመ ሊጥ ነው። ዓሣው ጨውም ነው፣ ቅመምም ነው፣ ሥጋም ነው። በባርነት ዘመን ከኒውፋውንድላንድና ከኖቫ ስኮሺያ የሚመጡት መርከቦች ለስኳር እርሻ ባሮች የሚያራግፉት የመጨረሻ ደረጃውን፣ ሌላ ገበያ የማይፈልገውን ኮድ ነበር። ሲመለሱ ስኳር፣ የስኳር አተላና ሩም ጭነው ይሄዱ ነበር። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዓሣ ቁራሽ ነው፤ ያቺን ቁራሽ በሊጥ ውስጥ በትኖ ለቤተሰብ ማዳረስ የእነዚያ ሰዎች ብልኃት ነው። አንተ ዓሣውን እጥፍ ስታደርገው ደግነት እንዳይመስልህ፤ ሊጡ አይያዝልህም፣ ዘይት ውስጥ ይበተናል፣ የቀረውም አፍ ውስጥ እንደ ጭድ ይሆናል።

ትኩስ ዓሣስ? አይሆንም። ኦይስቲንስ ሄደህ ትኩሱን በከሰል የተጠበሰ ብላ፤ በራሪ ዓሣውንም ኩኩ ከሚሉት የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ጋር ብላ፤ የአገሩ ብሔራዊ ምግብ ነው። ለዚህ ሊጥ ግን ትኩስ ዓሣ ውኃ ይተፋል፣ ጣዕሙም ዱቄቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ጨውና ጊዜ ያጠነከሩት ሥጋ ነው በክር በክር ተተርትሮ ሊጡን ሁሉ የሚያዳርሰው። አንድ ነገር ልብ በል፤ በ1992 ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ባሕር ኮድ ማጥመድን ካገደች ወዲህ፣ ጨው ዓሣ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖሎክ ወይም ሌላ ዝርያ ነው። አትከፋ፣ ይሆናል። እሾሁ የወጣለትን ግዛ፤ ፓኬቱን ዳስሰህ ወፈር ያለውን ምረጥ።

ጨውን ስለማውጣት፦ ሁለቱም ያስኬዳል። አማቴ መቀቀሉን ይመርጣሉ፤ እኔም እንደ እርሳቸው ነኝ። በቀዝቃዛ ውኃ ጣደው፤ ሲፈላ አሥር ደቂቃ ያህል ተወውና ውኃውን ድፋ፤ እንደገና በአዲስ ቀዝቃዛ ውኃ ጣደው። ከዚያ ቆንጥረህ ቅመስ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፤ ጨው ፈርቶ ሦስቴ አራቴ ይቀቅልና ዓሣውን ገለባ ያደርገዋል። ስትቀምሰው ብቻውን ለመብላት ትንሽ የሚበዛ ጨው ሊኖረው ይገባል። ሊጡ ላይ ሌላ ጨው አትጨምርምና የዱቄቱ ጨው ከዚያ ነው የሚመጣው። በጣም ወፍራምና ድርቅ ያለ ቁራጭ ከሆነ ብቻ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ መቀቀል ይበቃል።

ሲበርድ ቆዳውንና የቀረውን እሾህ አውጥተህ በጣትህ ተርትረው። በማሽን አትፍጨው።

መጠኑ፦ ለ250 ግራም ዓሣ ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ኩባያ ገደማ ወተት ወይም ውኃ። ወተቱን በአንድ ጊዜ አታፍስስ። አንድ ራስ ሽንኩርት ደቆ የተከተፈ፣ ሁለት ሦስት ዘለላ ቅጠል ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ማርጆራም፣ ፓርስሊ፣ ቁንዶ በርበሬ። ስኮች ቦኔት የሚባለው የአገሩ ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ ግማሹ ይበቃል፤ ከነካህ በኋላ ዓይንህን አትሻሽ። ቅዳሜ ጧት ቺፕሳይድ ገበያ ብትወርድ ጦስኙንና ማርጆራሙን በእስር ታገኘዋለህ። ደረቅ ማርጆራም ከማድረግ መተው ይሻላል፤ የዚህ ምግብ ሽታ፣ ያ ደረጃ የሚወጣው፣ ግማሹ የእርሱ ነው።

ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ ከዳቦ ሊጥ የቀጠነ ይሁን፤ ማንኪያውን ስታዘቀዝቀው ወዲያው የማይወርድ፣ እያመነታ የሚወድቅ። ሩብ ሰዓት ይረፍ። ዘይቱ ጥልቅ ይሁን፣ ሙቀቱም ወደ 180 ዲግሪ። መለኪያ ከሌለህ ጠብታ ሊጥ ጣልበት፤ ወዲያው ተንሳፍፎ ዙሪያውን ከፈላ ደርሷል። በሾርባ ማንኪያ ሳይሆን በሻይ ማንኪያ ሞላ አድርገህ ልቀቀው፤ ትልቅ ከሆነ ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ድስቱን አታጨናንቅ። ዳርና ዳሩ የወጣጣ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ሆኖ ሲወጣ ደስ ይበልህ፤ የሚንኮሻኮሸው እርሱ ነው።

ቤቴ ወጥ ቤቴ

እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ዘይት ቀንሱ ተብያለሁ፤ በምድጃ ውስጥ ቢጋገርስ? ደግሞ እንቁላልና ወተት ለማይበላ ሰው ምን ይደረግ? በስቅለት ሰሞን ለሚጾም እንግዳ ላቀርበው አስቤ ነው።

የሴንት ፊሊፕ ምራት

እህቴ፣ በምድጃ የጋገርሽው እንደሆነ ዳቦ በዓሣ ይወጣልሻል። መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ሌላ ምግብ ነው። ዘይቱ በደንብ ከጋለ ከምትፈሪው ያነሰ ነው የሚመጠው። ዘይት የሚጠጣው ለብ ባለ ዘይት ውስጥ የገባው ነው።

እንቁላልና ወተት መተው ይቻላል። ብዙ የባርባዶስ ሴቶች በውኃ ብቻ ነው የሚያቦኩት፤ የሚያነፋው ቤኪንግ ፓውደሩ ነው። ቅቤውንም ተዪው። እንቁላል ከሌለበት ወዲያው ትኩሱን ብሉት እንጂ አታሳድሩት፤ ይጠነክራል። ዓሣውን እንግዳሽ ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ከእርሱ ጋር ተነጋገሩበት፤ እኔ በዚያ ክርክር አልገባም።

ባሕር ላይ የኖረ

እትዬን አልከራከርም፤ ስለ ድንቹ ግን ሐሳቤን አልለወጥኩም። ለተከራዩ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማጥቀሻውን አትርሳ። የባርባዶስ ሰው ቢጫውን የቃሪያ ድልህ ሳያይ ለዓሣ ኬክ እጁን አይዘረጋም። ስኮች ቦኔት፣ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭ፣ እርድና ኮምጣጤ ነው። ከሱቅ በጠርሙስ ብትገዛ ማንም አይወቅስህም።

የብሪጅታውኑ ተከራይ

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ዱቄቱ አሳምነውኛል። የቀረኝ ጥያቄ የሰዓቱ ነው፤ ግብዣው ማታ ነው፣ እኔ ከሥራ የምወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቀን ጠብሼ ባሞቀው ይሆናል? ወይስ ሊጡን ማለዳ ላቡካው?

የሴንት ፊሊፕ ምራት

ልጄ፣ ሁለቱንም አታድርግ። ዓሣውን ዋዜማውን ቀቅለህ ተርትረው፤ ሽንኩርቱንና ቅጠላ ቅጠሉን ከትፈህ ከእርሱ ጋር ቀላቅልና ክዳን ባለው ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው። እንዲያውም ቅመሙ ይበልጥ ይገባበታል። ዱቄቱንና ቤኪንግ ፓውደሩን በሌላ ዕቃ ለካና አስቀምጥ። ማታ ቤት ስትገባ እንቁላሉንና ወተቱን ጨምረህ ማዋሐድ ብቻ ነው የሚቀርህ፤ ሊጡ ሲያርፍ ዘይቱ ይግላል። ቤኪንግ ፓውደር የገባበት ሊጥ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ከዋለ ትንፋሹ ይወጣል፣ ኬኩም ድፍን ይሆናል።

ጥሩ ድስት ካለህ ግብዣው ቦታ ሄደህ ጥበስ። ካልሆነ ከዘይት ስታወጣው ሽቦ ላይ አንጠፍጥፈው እንጂ በክዳን አታፍነው፤ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል። ክቡን የአገሩን ዳቦም ገዝተህ ሂድ፤ ጨው ዳቦ ይሉታል፣ ጨው ግን አይበዛበትም። ሁለት ሁለት ኬክ በአንድ ዳቦ መካከል አድርገህ፣ ድልኹን ቀባ አድርገህበት አቅርብ፤ ከመንገድ ዳር የሚገዙት እንደዚያ ነው። ለሠላሳ ሰው ከሆነ የነገርኩህን መጠን እጥፍ አድርገው፤ ከዚያ በላይ ካሰብክ ግን ሁለተኛ ድስትና የሚያግዝህ ሰው ፈልግ።