ጆርጅ ጓደኛውን መግደሉ ልክ ነበር?

የደሴዋ፦ ትናንት ቡና ላይ ያቋረጥነውን እንጨርሰው። ላላነበበ ባጭሩ፦ የጆን ስታይንቤክ «ስለ አይጦችና ሰዎች» እ.ኤ.አ. በ1937 ነው የወጣው። ጆርጅና ሌኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእርሻ እርሻ የሚዞሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሌኒ ግዙፍ ነው፤ አእምሮው ግን የሕፃን። ጉልበቱን ስለማያውቀው የዳበሰው ነገር ሁሉ ይሞትበታል። መጨረሻ ላይ የአሠሪውን ልጅ የከርሊን ሚስት ሳያስበው ይገድላል። ሰዎቹ ሲያሳድዱት ጆርጅ ቀድሞ ደርሶ ከኋላው ተኮሰበት። እኔ ነፍሰ ገዳይ ነው ባይ ነኝ። ማን ሥልጣን ሰጠው?

የኮምቦልቻው፦ ምን ያድርግ ታዲያ እቴ? ከርሊ ሆዱን ነው የምለው እያለ ይዝታል። ሌኒ ግን ሁለቱ ሊገዟት የሚመኟትን መሬትና እዚያ የሚያረባቸውን ጥንቸሎች ጆርጅ ሲያወራለት እየሰማ፣ ሳይፈራ ነው የሞተው።

የደሴዋ፦ ሳይፈራም ቢሆን ሞቷል።

መምህሩ፦ ውሻውን ዘለላችሁት። ካንዲ የሚባለው ሽማግሌ ያረጀ ውሻ ነበረው። ሸተተን ብለው ካርልሰን የሚባል የእርሻው ሠራተኛ ወስዶ ገደለው። ሽማግሌው በኋላ ለባዳ ከምሰጠው ራሴ ባደረግሁት ብሎ ሲቆጭ ጆርጅ ሰምቷል። ሌኒን የገደለበት ሽጉጥም ያው የካርልሰን ነው።

የደሴዋ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ እኔን ነው የሚደግፈው! ሰውን እንደ ውሻ ማየታቸውን እንድንጠላ ነው የጻፈው።

ከመተማ የተመለሰው፦ ጆርጅ ላይ ብቻ ተጣበቃችሁ። እኔ መተማ ሁለት ዓመት ሰሊጥ አጭጃለሁ። አጠገብህ ያደረውን ሰው ስሙን ሳታውቅ ትለያያለህ። እነሱም ጋ እንደዚያው ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲዞር አሠሪው «ደመወዙን እየበላህበት ነው እንዴ?» ብሎ ይጠረጥራል። ክሩክስ የሚባለው የበረቱ ሠራተኛ ጥቁር ስለሆነ በረቱ ጥግ ብቻውን ያድራል። የከርሊ ሚስት ስም እንኳ የላትም። አጠገባቸው ያለችው ከተማ ሶልዳድ ትባላለች፤ በስፓኒሽ ብቸኝነት ማለት ነው። ሌኒ እኛ መንደር ቢወለድ ቡና ሲፈላ ስኒ ይደርሰው ነበር። የገደለው መንደር ማጣት ነው።

የደሴዋ፦ አታሳምረው ወንድሜ። እኛም ጋ በሰንሰለት የሚታሰር አለ።

ከመተማ የተመለሰው፦ እሱንስ አልክድም።

የኮምቦልቻው፦ እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። መሬቷ 600 ዶላር ነው ዋጋዋ። ካንዲ 350 አዋጣለሁ ብሏል። ሴትየዋ ከሞተች በኋላ ካንዲ «እኔና አንተ እንገዛታለን አይደል?» ይላል። ጆርጅ በቃ ተወው። ገንዘቡ ግን አልጠፋም እኮ! ያለ ሌኒ መሬቷን አይፈልጋትም። ነፍሰ ገዳይ እንዲህ ያደርጋል?

የደሴዋ፦ እሷን አላስተዋልኳትም ወላሂ። አሁንም ገዳይ ነው እላለሁ። ግን ያቺን ቦታ እስቲ ደግሜ ላንብባት።