የእናቴ የጨረር ማሽን ተበላሽቶ መሀል መንገድ ላይ ቀርተናል፤ ምን እናድርግ?

የዘጌዋ (ረቡዕ፣ ማታ 1፡20)
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው፣ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ። እናቴ የካንሰር ጨረር እየወሰደች ማሽኑ ተበላሸ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። «ሲሠራ እንደውላለን» ብለው አሰናበቱን። ባሕር ዳር ተመልሰናል፣ እስካሁን የደወለ የለም። ውጭ አገር ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ጨረሩን ተዉት፣ አሁን ኢሚውኖቴራፒ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ገንዘቡን አዋጡና ገዝቼ ልላክ» ይላል። ወንድሜ ባጃጁን ሊሸጥ ነው። ነገ ጠዋት ገዢ ይመጣል። ጨረሩን እንጠብቅ ወይስ መድኃኒቱን እንግዛ?

ጌች ባለባጃጅ (1፡26)
አይዞሽ እህቴ። ገዢው እኔ ብሆን እንኳ ነገ አልገዛችሁም ነበር። ባጃጅ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ሰው ሳትጠይቁ እንዳትሸጡ።

ሲስተር መ. (1፡34)
ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የካንሰር ክፍል ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ዋናውን አልነገርሽንም። የምን ካንሰር ነው? ደረጃው ስንት ነው? ጨረሩን ስንቴ ወሰደች፣ ከስንት? መቼ ተቋረጠ? ኬሞ አብሮ አለ? የደሟ መጠንስ?

ዝምተኛው (1፡37)
እናቴንም እንዲሁ መልሰዋት ነበር። አንድ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። ሰውነቷ ትንሽ ይረፍ። አትጨነቂ።

የዘጌዋ (1፡45)
ይቅርታ፣ ተረብሼ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ነው። ወረቀቱ ላይ «3ቢ» ይላል። ከ25 ጊዜ 16 ወስዳለች። ያለፈው ሳምንት ሰኞ 16ኛውን ወሰደች፣ ማክሰኞ ስንሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዛሬ 9ኛ ቀናችን ነው። በሳምንት አንዴ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ ይሰጧት ነበር፣ እሱም ቆሟል። የመጨረሻው ሄሞግሎቢን 8.9 ነበር። ከ25ቱ በኋላ «የውስጥ ጨረር»፣ ማህፀኗ ድረስ አስገብተው የሚሰጡት፣ አለ ብለውናል፣ ቀን ግን አልሰጡንም።

ጣና ዳር (1፡52)
ሪፈር አጽፉ። ሌላ ሆስፒታል ሂዱ። ሌላ ነገር የለውም።

የባዮሎጂ መምህር (2፡10)
ዝምተኛው ያለውን ላርም፣ እህታችንን ስለሚያዘናጋት። ሰውነት ይረፍ የሚለው ለጉንፋን ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ጨረር የሚገድለው የሴሉን ዲኤንኤ ሁለቱንም ክር በመበጠስ ነው። ጤናማ ሴል የተበጠሰውን በሰዓታት ውስጥ አብዛኛውን ይጠግናል። የካንሰር ሴል ጥገናው ደካማ ነው። ስለዚህ ጨረሩ በአንድ ቀን አይሰጥም። በየቀኑ ትንሽ፣ 1.8 ወይም 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ እየተቆነጠረ ይሰጣል። ጤናማው እያገገመ፣ ዕጢው እየደከመ ይሄዳል።

ነገር ግን የተረፉት የካንሰር ሴሎች ዝም ብለው አይቀመጡም። ሕክምናው ከተጀመረ ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በኋላ መራባታቸውን ያፈጥናሉ። ለእምቦጭ ነቀላ ጣና ላይ የወጣን ሰዎች ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ግማሹን ነቅለን ለሳምንት ስንተወው፣ የተረፈችው ቁራጭ ያጸዳነው ውሃ ላይ ትንሰራፋለች። የእናትሽ ዕረፍት የወደቀው ልክ እዚያ ሰዓት ላይ ነው።

ስለዚህ የማህፀን በር ካንሰር ጨረር፣ የውስጡን ጨምሮ፣ በ8 ሳምንት ማለትም በ56 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይፈለጋል። ከዚያ ሲያልፍ በየቀኑ ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በተለያዩ ጥናቶች ተዘግቧል።

ዝምተኛው (2፡15)
እሺ መምህር፣ ተቀብያለሁ። እናቴ የጡት ስለነበረ ነው። ላሳስት ብዬ አይደለም።

ሲስተር መ. (2፡24)
የጡት ከሆነ ዕረፍቱ እንደዚህ ላይጎዳ ይችላል፣ ይሄኛው ግን ከሚቸኩሉት ነው። እህቴ፣ እርሳስና ወረቀት ያዢ። የመጀመሪያው ጨረር ሰኞ ከሆነ፣ 16ኛው የወደቀው 22ኛው ቀን ላይ ነው። ዛሬ 31ኛው ቀን ነው። ከ56 ሲቀነስ 25 ቀን ቀርቶሻል። በመጪው ሰኞ ብትጀምር 36ኛው ቀን ይሆናል። የቀሩት 9 ጊዜዎች በሳምንት 5 ቀን ቢሰጡ 46ኛው ቀን፣ ሐሙስ ላይ ያልቃሉ። ለውስጥ ጨረር 10 ቀን ይተርፋል። ይበቃል፣ ግን ሰፊ አይደለም። ሌላ ሳምንት ከጠበቃችሁ አይበቃም።

«የጠፋውን ቀን እንዴት ትክሱልናላችሁ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። መንገድ አለው። ቅዳሜም መስጠት ይቻላል። በቀን ሁለቴ መስጠትም ይቻላል፣ በመሀሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ተትቶ። ውሳኔው የጨረር ሐኪሙና የፊዚሲስቱ (የጨረሩን መጠን የሚያሰላው ባለሙያ) ነው። ከቤተሰብ ግን ጥያቄው ካልመጣ በወረፋው ውስጥ ሊረሳ ይችላል።

ደሟ 8.9 መሆኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ሐኪሞች በጨረር ጊዜ ከ10 በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ነገ ጠዋት ደሟን አስመርምሩ። ማሽኑ ሳይሠራም ይህን ባሕር ዳር ላይ ማስተካከል ይቻላል። ኩላሊቷንም አብረው ይዩት፣ ሲስፕላቲኑ ኩላሊት ላይ ስለሚከብድ። ብዙ ደም ከፈሰሳት ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ነገን አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

የባዮሎጂ መምህር (2፡31)
ደሙን ሲስተር ካነሳችው ምክንያቱን ልጨምር። ኦክስጅን በደንብ የሚደርሰው ሴል ኦክስጅን ካጣው ይልቅ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ በቀላሉ ለጨረር ይሸነፋል። ዕጢው መሀል ድሮም አየር ያጠረው ነው። ደም ሲያንስ ደግሞ ይብሳል።

ጣና ዳር (2፡33)
ያልኩት ይሄንኑ ነው። ሪፈር።

ማህሌት ዘባሕር ዳር (2፡40)
እግዚአብሔር ይማርልሽ። ደሴቶቹ ላይ ስንት ጠበል እያለ ለምን ትንከራተታላችሁ? አንዱ ገዳም አስገቢያትና ሱባዔ ትያዝ። የኔ አክስት ድናለች።

ጌች ባለባጃጅ (2፡43)
እናቴ፣ ጠበሉንም ጨረሩንም አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም እንዴ? እኔ ራሴ ጊዮርጊስ ወስጄ አመጣቸዋለሁ፣ ሂሳብ የለም።

ሲስተር መ. (2፡50)
ይቻላል። እኔም ጠበል እጠጣለሁ። ጠበሉ ጨረሩን አይከለክልም፣ ጨረሩም ጠበሉን። እኔ የምፈራው ሱባዔ ተብሎ የቀሯት 25 ቀናት እንዳያልቁ ነው። ሥራ ሥር የተቀላቀለበት ነገር ግን አትጠጣ፣ ለኩላሊቷ ስል ነው። በዚህ ሰሞን በደንብ ትብላ፣ ውሃም በደንብ ትጠጣ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቷን ጠይቁ፣ ሕመምተኛን አያስገድዱም።

የዘጌዋ (2፡58)
ሲስተር፣ አንድ ነገር ረስቼ። ዳሌዋና ሆዷ ላይ በቀለም ያሰመሩባት መስመር አለ። ሦስት ናቸው፣ ሁለቱ በጎን፣ አንዱ ከእምብርቷ ዝቅ ብሎ። ቀሚሷ እየነካው ደብዝዟል። የግራው ጎን ጭራሽ የሚታየው ሲጠጉት ነው። ዛሬ ጠያቂ ሲመጣ አፍራ በሳሙና ልታሸው ስትል ነው የደረስኩባት። ወንድሜ በስክሪፕቶ ላድምቀው ይላል።

ሲስተር መ. (3፡01)
ተይ! ስክሪፕቶ እንዳይነካው! ጨረሩ የሚያነጣጥረው በዚያ ምልክት ነው። ከሳተ ሌላ ቦታ ሊመታ ይችላል። አሁኑኑ ከፊትና ከሁለቱ ጎን ፎቶ አንሺው፣ እምብርቷ አብሮ ይታይ። ውሃ ብቻ በቀስታ ታስነካ እንጂ አትሸው። ቅባትም ቅቤም አይቀባ። ቢጠፋ እንኳ እነሱ መልሰው ይለኩታል፣ እናንተ ግን አታስምሩ።

የማሽን ሰው (3፡15)
የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ደውለሽ «መቼ ይሠራል?» አትበዪ። «ምኑ ነው የተበላሸው?» በዪ። ማቀዝቀዣው ከሆነ ብዙ ጊዜ የቀናት ሥራ ነው። ኤሌክትሮኑን የሚያፈጥነውን ማዕበል የሚያመነጨው ክፍል፣ ማግኔትሮን ወይም ክላይስትሮን፣ ከሆነ ግን ዕቃው ከውጭ መምጣት አለበት። ያ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መልሱ «ዕቃ ታዟል» ከሆነ በዚያው ቀን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀምሩ።

ሁለተኛ፣ ሪፈር ሪፈር የምትሉ ሰዎች፣ ባዶ ሪፈር ዋጋ የለውም። ሌላው ሆስፒታል እስካሁን የገባውን መጠን ካላወቀ አይነካትም። ስለዚህ የተሰጠው ግሬይ፣ የተሰጠባቸው ቀናት፣ ፕላኑና የሲቲ ምስሉ በሲዲ ይሰጣችሁ። ያለ ሲዲ እንዳትወጡ።

ድሮ አገሪቱ ውስጥ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን ጅማም ሐረርም አለ። ሳትደውሉ ግን መንገድ አትጀምሩ።

የዘጌዋ (3፡22)
ሌላ ቦታ ከሄድን ከዜሮ ይጀመራል ብለውን ነው እኮ የተመለስነው።

የማሽን ሰው (3፡26)
ማን ነው ያላችሁ? የሚጀመረው ልኬቱና ስሌቱ ነው፣ ማሽኑ ሌላ ስለሆነ። የገባው 16 ግን ገብቷል፣ ይቆጠራል። እንዲያውም ሳይቆጠር 25 ቢደገም ፊኛና አንጀቷን ይጎዳል። ለዚህ ነው ሲዲውን የምለው።

ቡና ጠጪ (3፡30)
ጥያቄ ካላስቸገርኩ። የልጅ ልጆቿ አጠገቧ ይተኛሉ? እኛ ሰፈር ጨረር የወሰደ ሰው ልጅ አይቀፍ ይላሉ።

ሲስተር መ. (3፡33)
ይተኙ፣ ይቀፏት። ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፣ ሰውነቷ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። ልጆቹን ከከለከላችኋት በሽታው ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው የሚጎዳት።

የባዮሎጂ መምህር (3፡48)
አሁን ወደ ባጃጁ ልመለስ፣ ነገ ጠዋት ገዢ አለና።

የአጎትሽ ልጅ ያለው መድኃኒት የፈጠራ ወሬ አይደለም። ስሙ ፔምብሮሊዙማብ ሳይሆን አይቀርም፣ ገበያ ላይ ኪትሩዳ ይሉታል። በሽታ ተከላካይ የደም ሴሎቻችን፣ ማለትም ወታደሮቻችን፣ ላይ ፒዲ-1 የሚባል ልጓም አለ። የራሳችንን ሰውነት እንዳያጠቁ የሚገታቸው ነው። ካንሰሩ ይህን ልጓም ይይዝና ወታደሩን ባለበት ያቆመዋል። መድኃኒቱ ያን እጅ ያስለቅቃል። ፒዲ-1ን ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ ናቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሌላ ልጓም ካጠኑት ከጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸልመዋል።

ልጅየው የተሳሳተው «ተዉት» ያለው ላይ ነው። መድኃኒቱ ለእንደ እናትሽ ዓይነት፣ ለደረጃ 3፣ የተሞከረው ከጨረርና ከሲስፕላቲን ጋር ተደምሮ ነው። ኪኖት-ኤ18 በሚባለው ጥናት ከ1000 በላይ ሴቶች ገብተዋል። ሁሉም ጨረርና ኬሞ ወስደዋል። ግማሾቹ መድኃኒቱ ተጨመረላቸው። ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከተጨመረላቸው 82.6 በመቶ፣ ካልተጨመረላቸው 74.8 በመቶ ናቸው። በጃንዋሪ 2024 አሜሪካ ፈቀደችው፣ እዚያም ከጨረርና ከኬሞ ጋር ነው የተጻፈው።

ሁለተኛውን ቁጥር ደግመሽ እዪው። መድኃኒቱ ሳይኖር፣ በጨረርና በኬሞ ብቻ፣ ከ4 ሴቶች 3ቱ ገደማ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። አሁን እጃችሁ ላይ ያለውና ሊያመልጣችሁ ያለው እሱ ነው። ጨረሩ ዕጢውን ሲሰብረው ፍርስራሹ ለወታደሮቹ እንደሚታይና ሁለቱ እንደሚደጋገፉ ይታሰባል። ጨረሩን አስቀርቶ መድኃኒቱን ብቻ ማስገባት ግን ለእናትሽ ደረጃ ማንም ያረጋገጠው መንገድ አይደለም።

በዚያ ላይ የሚሰጠው በደም ሥር ነው፣ በየ3 ሳምንቱ፣ ከዚያም ለረጅም ወራት። ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። በሻንጣ መጥቶ ቤት የሚወሰድ አይደለም። አንድ ባጃጅ ያን ሁሉ አይሸፍንም። ልጅየው መርዳት ከፈለገ የመጓጓዣና የማደሪያ ይላክ። ስለ መድኃኒቱ ሐኪሟን ጠይቁ፣ ከጨረሩ ጋር ይሁን ብሎ ካዘዘ ያኔ እንነጋገራለን።

ጌች ባለባጃጅ (3፡52)
ተሰማ? ባጃጁ አይሸጥም። ወንድምሽ ጠዋት ሥራ ይውጣ፣ ለመንገድ የሚሆን ይሰብስብ።

የዘጌዋ (4፡05)
እግዜር ይስጥልኝ። እያለቀስኩ ነው የማነበው። ፎቶውን አንስቻለሁ። ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ገዢውን ደውሎ ቀርቷል ብሎታል። እናቴ ደግሞ «31ኛው ቀን» ስላት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ነገ ጠዋት ደሟን እናሳያለን። ከዚያ እደውልላቸዋለሁ። ምኑ እንደተበላሸ እጠይቃለሁ።

ሲስተር መ. (4፡09)
በርቺ። የውስጥ ጨረሩንም ቀን አብረሽ ጠይቂ። 25ቱ የውጭ ጨረር ሲያልቅ ወረፋ እንዳይጠብቃችሁ ከአሁኑ ያስይዙላት።

የዘጌዋ (ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡30)
ደሟ 8.4 ሆኗል። ደም ሊሰጧት አስተኝተዋታል። ስደውል «ዕቃ ታዟል» አሉኝ። ሲዲውን ለመውሰድ ወንድሜ ሌሊት 10 ሰዓት በአውቶቡስ ይነሳል። ሁለት ቦታ ደውያለሁ፣ አንዱ «ሲዲውን ይዛችሁ ኑ፣ እናየዋለን» ብሏል።

የማሽን ሰው (9፡41)
ጎበዝ። ሲዲው መከፈቱን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ያረጋግጥ።

ጌች ባለባጃጅ (እሑድ፣ ማታ 2፡00)
እህቴ፣ እናታችን እንዴት ናቸው? ወንድምሽ ተመለሰ?

ሲስተር መ. (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡15)
ዛሬ 37ኛው ቀን ነው። ጀመሩ?