የጎረቤት አገሮች የውኃ አገልግሎት ድርጅቶች ትብብር ደንበኛው ዘንድ የሚደርሰው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የውኃ አገልግሎት ድርጅት የብክነት ቅነሳ ክፍል ውስጥ ነው። ልምድ ለመለዋወጥ በየጊዜው ከጎረቤት አገሮች ድርጅቶች ጋር እንሰበሰባለን፤ ከስብሰባው በኋላ ግን አገልግሎታችን ሲሻሻል አላየሁም፤ ይህም ያሳዝነኛል። ምን ጎደለን?

መልስ 1፦
የጎደላችሁ በመስክ አብሮ መሥራት ይመስለኛል። በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የውኃ ድርጅቶች አጋርነት ጥምረት የሚያበረታታው፣ ልምድ ያለው ድርጅት ባለሙያዎቹን ያለ ትርፍ ወደ አቻው ልኮ የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈለግም ሆነ ቆጣሪ ሲመረመር ጎን ለጎን እንዲሠሩ ነው።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም የድርጅቶቻችሁን ብክነት ስታነጻጽሩ መለኪያችሁ አንድ ካልሆነ ንጽጽሩ ያሳስታችኋል። 100 ሜትር ኩብ አምርቶ ለ60ው ብቻ ሂሳብ የጠየቀ ድርጅት፣ ገቢ የማያስገኝለት ውኃ 40 በመቶ ነው። መቶኛው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ውኃ በፈረቃ የሚያድል ድርጅት ቧንቧው ባዶ በሚሆንባቸው ሰዓታት ስለማያፈስ፣ ቀኑን ሙሉ ከሚያቀርበው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የአገልግሎት ሰዓቱና የውኃው ግፊት አብረው ይመዝገቡ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። የእኛም ውኃ በፈረቃ ስለሚታደል፣ በቀጣዩ ስብሰባ የማቀርበውን ሠንጠረዥ በዚሁ መልክ አስተካክላለሁ።