ልጅ የማያምንበትን ይዞ ይከራከር?

ቡና በጀበና፦
የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ ገብታለች። የሰሞኑ ርዕሳቸው «ስማርት ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ይከልከል» የሚል ነው። እሷ ክልከላውን አጥብቃ ትቃወማለች። ዕጣ ሲወጣ ግን «ይከልከል» የሚለው ወገን ደረሳት። ቤት ገብታ፣ ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. ስላወጣችው የስልክ ክልከላ ስታነብ አባቷ ተቆጣ። «የማታምኚበትን መናገር ማስመሰል ነው» አላት። እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

እናት ዓለም፦
አባትየው ልክ ነው። ምላሱን ለፈለገው የሚያከራይ ሰው መች አጣን? ልጅ መጀመሪያ እውነቱን ይወቅ፣ ለእሱም ይቁም። እኛም ተማሪ ሳለን «ቀለም ይበልጣል ወይስ ገንዘብ» እያልን ተከራክረናል። ያ ጨዋታ ነበር። የስልክ ጉዳይ ግን በየቤታችን ያለ ጣጣ ነው።

የኖራ ጣት፦
የክርክር ክበብ የምመራ መምህር ነኝ። እህቴ፣ ያ የቀለምና የገንዘብ ክርክር እኮ ነው ያበላሸን። አንዱ ተነስቶ ቀለምን ያወድሳል። ሌላው ተነስቶ ገንዘብን ያወድሳል። አንዱ ሌላው ያለውን ሳይነካ ይቀመጣል። ከዚያ ጭብጨባ የበዛለት ያሸንፋል። መልስ የሌለበትን ነገር ክርክር ማለት ይከብደኛል።

እኔ ጋ አንድ ደንብ አለ። ተማሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ነጥብ በራሱ አፍ ይናገራል። ባለነጥቡ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» ካላለ ወደፊት መሄድ የለም። ብዙው ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል። ሲያዳምጥ የቆየው የሰውየውን ሐሳብ ሳይሆን የራሱን ቀጣይ ንግግር ነበራ።

ቀጥሎ መልሱ ነው። አንዱ ወገን «አደጋ ቢመጣ ልጄ በምን ይደውልልኛል?» አለ እንበል። «ውሸት ነው» ብሎ መነሳት አያዋጣም፤ ስጋቱ እውነተኛ ነው። «ለዚያ የቢሮው ስልክ ይበቃል» ማለት ይቻላል። ወይም «ስጋቱ እውነት ነው፤ ግን በየቀኑ የሚባክነው ትምህርት ይበልጣል» ማለት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ልጅ «አንተ ማን ሆነህ ነው?» ወደሚል ስድብ አይሮጥም።

ማስመሰል ስለተባለውም፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ወገኑ በዕጣ እንደደረሰ ያውቃል። ማን ተታለለ? በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮናም ወገን የሚደርሰው በዕጣ ነው። የመዘጋጃ ጊዜውም 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ችሎት፦
ጠበቃ ነኝ፤ ከመምህሩ ጋር እስማማለሁ። ፋይል ስይዝ መጀመሪያ የምጽፈው የባላጋራዬን ክርክር ነው፣ ያውም እሱ ራሱ ከሚያቀርበው አሳምሬ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ለተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት የሰጠው በከንቱ አይደለም። ያልተመረመረ ክስ ሁሌም ሙሉ ይመስላል። አባቶቻችንስ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ እየተወራረዱ ይሟገቱ አልነበር?

እናት ዓለም፦
ወንድሜ፣ እነዚያ ሰዎች የሚሟገቱት ስለ ራሳቸው መሬትና ስለ ራሳቸው ደም ነበር። ማን ዕጣ አወጣላቸው? አንተም ብትሆን ደንበኛህን የመወከል ግዴታ አለብህ። ልጅቷ ምን ግዴታ አለባት?

ከሐይፋ፦
እናት ዓለም ይሄ ጥያቄሽ ከባድ ነው። እኔ የምኖርበትን አገር ልጥቀስ። በ1973 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ግብፅና ሶርያ ጦርነት ሲከፍቱ፣ የእስራኤል ወታደራዊ ደኅንነት አለቆች «አሁን አይመጡም» የሚል እምነት ይዘው ነበር። ምልክቱ እያለ እምነቱ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ደኅንነቱ ውስጥ ሥራው የተቃራኒውን ግምት ማቅረብ የሆነ ክፍል ተቋቋመ።

ግን ለአንቺም የሚሆን ነገር አለኝ። ተቃውሞ ሥራ ሲሆን ሰሚው ይለምደዋል። «እሱ እንደሆነ ሥራው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከልቡ የሚቃወም ሰው ግን ያስደነግጣል። ስለዚህ ዕጣው ለልምምድ ይሁን፤ ከልብ የሚቃወመውን ልጅ ግን አይተካውም።

ቡና በጀበና፦
መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሁሉንም ርዕስ በዕጣ ነው የሚሰጡት?

የኖራ ጣት፦
ኧረ በፍጹም። ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ርዕስ በዕጣ አልሰጥም። ልጁ የገዛ ቤተሰቡን የሚያቃልል ንግግር እንዲያዘጋጅ አላስገድድም። ስልክ፣ የደንብ ልብስ፣ የቤት ሥራ፣ የትራንስፖርት ታሪፍ፣ እነዚህ ይበቃሉ። ክርክሩ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ዕጣውን ትቶ የራሱን አቋም በአንድ ገጽ ይጽፋል። ከተቃራኒው ወገን ያልመለሰው ነጥብ ካለም እዚያው ያሰፍራል።

እናት ዓለም፦
ያ ገጽ ካለ ሌላ ነገር ነው። አባትየውም ይሄንን ቢሰማ ደግ ነው። ዕጣውን ግን አሁንም አልወደድኩትም። መጀመሪያ የራሷን ወገን ትከራከር፣ በሚቀጥለው ወር ይገልብጡላት።